ቀኝ እግር ለግራ እግር ሊቀ መኳስ የሆነበት ዘመቻ

በረዶ ደልዳይቱ መኪና አግነስ በነገሠች በስድስተኛው ዓመት፣ የሜዳው ጣሪያ አንጠብጥቦ ከሥሩ ባልዲ በተሾመበት ዘመን፣ ወርኃ መጋቢት ገብቶ ብርዱ ጥቂት ላላ በማለቱ ሰዉ ሁሉ አፍንጫው እንደ ቲማቲም ቀልቶ «ዛሬስ ሞቅ ብሏል» እያለ ኮቱን በከፈተበት ሳምንት፣ በካናዳ፣ በሳስካችዋን ሜዳ መካከል በተቀመጠችው በኤልክ ሆሎው ከተማ፣ ልዕልተ በረዶ፣ ሰባሪተ መረብ፣ ሞገሰ ጎፈር፣ የበረኞች ቅዠት የሆነችው ዳርካ ወለተ ስቲቭ ዋሲልቹክ በታላቅ ግርማ ከቤቷ ተነሥታ ወተት ልትገዛ ዘመተች።

ወተት መግዛት ምን ታሪክ ይወጣዋል የሚል ካለ ጥቂት ይታገሥ። ነገሥታቱ ከዚህ ባነሰ ነገር ዘምተው ጸሐፊ አላጡም።

ኤልክ ሆሎው አንድ ሸቀጥ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የስንዴ ጎተራና አንድ የልጃገረዶች የበረዶ ሆኪ ቡድን አላት። ቡድኑ ጎፈሮች ይባላል። ጎፈር ገበሬ ሁሉ የሚረግመው ጉድጓድ ቆፋሪ የሜዳ አይጥ ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጎረቤታቸው ካርዌል ግን ልጆቿን ተኩላዎች ብላ ሰየመች። አይጥና ተኩላ ሲገናኙ ማን ማንን እንደሚበላ ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያሻም። ዋንጫውም የዳርካ እናት ልጃገረድ ሳለች ወደ ካርዌል ሄደ፣ እንደ ሄደም ቀረ። የካርዌል ሰዎች በመስታወት ሣጥን አኑረውት ከኤልክ ሆሎው እንግዳ በመጣ ቁጥር ሣጥኑን ከፍተው፣ እንግዳው እያየ፣ አቧራ የሌለበትን አቧራ ይጠርጉለታል።

ዳርካም በረዶ ላይ መቆም ከቻለችበት ቀን ጀምሮ ያንን ዋንጫ በገዛ እጇ ወደ አገሩ ልትመልስ ምላ ነበር። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ሞላ። ለከርሞ ሕጉ ከልጆች ቡድን ያስወጣታል። እንግዲህ ወይ ዘንድሮ ነው፣ ወይ የለም።

ይህ ሁሉ የከተማ ተስፋ የተንጠለጠለው በአንዲት ቁርጭምጭሚት ላይ ሆነ።

ነገሩም እንዲህ ነው። በጥር ወር ጀግናይቱ ከቤቷ ደረጃ ስትወርድ ቦርሽት የምትባለው ቀይ ድመት ደረጃው መሀል ተኝታ አገኘቻት፤ እርሷንም ላለመርገጥ አንዱን ደረጃ ዘለለች፣ የሚቀጥለው ደረጃም በበኩሉ እርሷን ዘለላት፣ የመጨረሻውን በመቀመጫዋ ተቀበለችው። ግራ ቁርጭምጭሚቷ የተቀቀለ ድንች አህሎ አበጠ። ድመቷ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየቻት፤ መልሳም ጨፈነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቁርጭምጭሚት እንደ ክረምት ሰማይ የማይታመን ሆነ። ሰኞ ይድናል፣ ረቡዕ ያገረሻል። በረዶ ቢይዙበት ይቀንሳል፣ በበረዶ ላይ ቢሮጡበት ይጨምራል። የአውራጃው ሐኪም ሦስት ጊዜ አይቶ ሦስት ጊዜ «ዕረፍት» አለ፤ ዳርካም ሦስት ጊዜ «እሺ» ብላ ከሐኪሙ ደጅ በቀጥታ ወደ ልምምድ ሄደች።

በዚህም ሁኔታ ጎፈሮች ጥሎ ማለፉን እየተንፏቀቁ አልፈው ለፍጻሜ ከካርዌል ጋር ተገናኙ። ፍጻሜው ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ለቀደመ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዳርካ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀመጠች፣ ጎፈሮችም ክፉኛ ተደበደቡ። በሁለተኛው ቀን እንደገና ተቀመጠች፣ የካርዌል በረኛ ግን ሲያስነጥሳት አንዲት ኳስ አመለጠቻትና አይጦቹ አሸነፉ። ኳስ የተባለችው፣ መቼም ኳስ አይደለችም፤ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ናት፣ ጥርስ ላይ ስታርፍ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። እንግዲህ የቀረው አንድ ጦርነት ነው፤ እርሱም ቅዳሜ፣ በኤልክ ሆሎው ሜዳ።

ከተማይቱም ለጦርነቱ ተነሣች። ወንዶቹ ጥሎ ማለፍ ሳያልቅ ጢም አይላጭም የሚለውን ሥርዐት ጠብቀው ጢማቸውን አሳደጉ፤ ፖስተኛው ፂማም ሆነ፣ ቄሱ ከቀድሞው የባሰ ፂማም ሆኑ፣ ጢም የማያበቅለው የባንኩ ጸሐፊ እንኳ ሰባት ፀጉር አበቀለ። ልጆቹ ጢም ስለሌላቸው ካልሲያቸውን ላለማጠብ ማሉ፤ ስለዚህ የመልበሻው ክፍል ሽታ ብቻውን አንድ ክፍለ ጦር ነበር። ከተከታዮቹም ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ እልፍኝ አስከልካይ ጆሊን፣ የጎሉ በር ጠባቂ፣ አፏ ከዱላዋ የሚረዝም፤ ግራዝማች ኬልሲ፣ በሹመት እንጂ በሥራ ያልታወቀች፣ ዘንድሮ አንድም ጎል ያላገባች፣ አምናም፤ የጦሩ አበጋዝ አሰልጣኙ ኮች ዌንዴል፣ በሳምንቱ መካከል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ፤ ከበሮ መቺዎች፣ ደወል ደዋዮች፣ ትኩስ ቸኮላት አዳዮች፣ እንዲሁም ሥራቸው ያልታወቀ ብዙዎች።

በሆኪ አገር አንድ የታወቀ ሥርዐት አለ። በጥሎ ማለፍ ሰሞን የቁስለኛ ቁስል አይነገርም። ጠላት የታመመውን ቦታ ካወቀ በዚያው ይመጣልና ከወገብ በላይ ቢታመም «የላይ አካል»፣ ከወገብ በታች ቢታመም «የታች አካል» ተብሎ ብቻ ይታወጃል፤ ጥርሱ ረግፎ የቆመውን ሰው እንኳ የላይ አካል ነው ብለው ያልፉታል። ኮች ዌንዴልም ሰኞ ዕለት በሸቀጥ ቤቱ ደጅ ቆሞ ይህን አዋጅ አወጀ፦

«ስሙኝማ። ዳርካ የታች አካል ጉዳት አለባት። ትጫወታለች ወይ ለሚለኝ፣ አላውቅም። የትኛው እግር ነው ለሚለኝ ደግሞ፣ እኔም የጆሮ ጉዳት አለብኝ፣ አይሰማኝም።»

በዚያው ቀን በመልበሻው ክፍል፣ በካልሲው ደመና ውስጥ፣ ጉባኤ ሆነ። እልፍኝ አስከልካይ ጆሊንም ዱላዋን መሬት ላይ መትታ አወጀች፦ «እነዚህ ካርዌሎች መቼም ሳያውቁ አያድሩም። ዝም ካልን ፈልገው ያገኙታል። ስለዚህ እኛው እንንገራቸው። ግን የተሳሳተውን። ዳርካ፣ ከነገ ጀምሮ በቀኝሽ አንክሺ። ቅዳሜ ደህናውን እግር ሲያሳድዱ ይዋሉ።»

በጥንት ዘመን ንጉሥ ሲዘምት ሊቀ መኳስ የሚባል ሹም የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ የንጉሡን ፈረስ ተቀምጦ ይወጣ ነበር፤ የጠላት ጦር ሁሉ በእርሱ ላይ ሲዘንብ ንጉሡ በደህና እንዲዋጋ። የዳርካም ቀኝ እግር በዚያች ሰዓት፣ ያለ ውድድር፣ ለግራው ሊቀ መኳስ ሆኖ ተሾመ።

ወደ ወተቱ እንመለስ።

ጀግናይቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ሸቀጥ ቤቱ ገባች። ይህን ሰዓት የመረጠችው የካርዌል ዳቦ አመላላሽ ሴት ዳቦዋን የምትደረድርበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ዳርካም ከበሩ ጀምራ በቀኝ እግሯ ማነከስ ጀመረች፤ ያን ጊዜም በጉባኤው ማንም ያላሰበው ነገር ተገለጠ። በቀኝ የሚያነክስ ሰው ክብደቱን ሁሉ በግራው ላይ ይጥላል። ግራው ደግሞ የታመመው ነው። ስለዚህ ደህናውን እግር ለማሳመም የታመመውን መርገጥ ግድ ሆነ። አንድ እርምጃ ስትሄድ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በሁለተኛው ከጎመን ክምር ጋር ተማከረች፤ በሦስተኛው የምታውቀውን ስድብ ሁሉ በልቧ ጨርሳ ከአያቷ የሰማችውን የዩክሬን ስድብ ጀመረች። ፊቷ ግን ፈገግ እንዳለ ነበር። የአትክልቱን አገር አለፈች፣ የታሸገውን ምግብ ጠባብ በር ሰበረች፣ ከማቀዝቀዣው አምባ ወጥታ ወተቱን ማረከች። ዳቦ አመላላሿም ከዳቦው በላይ አንገቷን አስግጋ ቀኝ እግሯን አይታ፣ «ልጄ፣ እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት፣ ጀግናይቱ «የታች አካል ነው» ብላ መለሰች፤ ቀኝ ጉልበቷንም፣ ሳታስበው እንዳደረገች አስመስላ፣ አሻሸች። ከዚህ የሚበልጥ የጦር ስልት በዚያ አውራጃ አልታየም።

ወሬው ዳቦው ሳያልቅ ካርዌል ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ሐሙስ ሆነ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የፒሮጊ፣ ማለት በድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ፣ እራት ነበር፤ በፒሮጊ ላይ ጦርነት የለምና ሁለቱም ከተሞች ይመጣሉ። ዳርካ ጊዶ የምትላቸው አያቷ አቶ ሜትሮም መጡ። እኒህ ሰው ካርዌል የሚኖሩ፣ ካርዌልን የሚደግፉ፣ የልጅ ልጃቸው ጎል ስታገባባቸው ባርኔጣቸውን የሚነክሱ፣ በቁማርም ሆነ በክርክር ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ዳርካ ቀኑን ሙሉ በቀኟ አንክሳ ደክማ ነበር። ሳህኗ ላይ ፒሮጊ ቆልላ፣ በላዩም እርጎና የተጠበሰ ሽንኩርት ደፍታ፣ ማንም አያየኝም ብላ በኩሽናው በር ስትወጣ ግራ እግሯ ከዳት። በግራዋ አነከሰች። ቀና ስትል ጊዶ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል።

ጊዶም ሹካቸውን እንደ በትረ መንግሥት ይዘው አወጁ፦ «ግራው ነዋ።»

ዳርካም ለመነች፦ «ጊዶ፣ በእናቴ፣ እንዳይናገሩ። የመጨረሻዬ ነው።»

ጊዶ ግን፦ «ልጄ፣ እኔ ራሴ ሄጄ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ሰባ ስምንት ዓመት ያልዋሸሁትን ለሆኪ ብዬ ልጀምር እንዴ። ብይ፣ እየቀዘቀዘ ነው» ብለው ከሳህኗ አንድ ፒሮጊ አንሥተው ሄዱ።

ዓርብ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። የስልኩም አዋጅ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ዳርካ፣ እኔ ነኝ። የኛ አሰልጣኝ ባርብ ጠየቀችኝ፤ ግራው ነው አልኳት። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። ምሳ በልተሻል?»

ዳርካ ስልኩን ዘግታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እግሯ አላመማትም ያን ጊዜ፤ ሌላ ቦታ ነው ያመማት፣ እርሱም የላይ አካል ነው። እኒህ ሰው የመጀመሪያ የበረዶ ጫማዋን ያሰሩላት፣ ትራክተር ጋራዥ ውስጥ ኳስ መምታት ያስተማሯት ናቸው። ሊቀ መኳሱም በከንቱ ደከመ፤ የንጉሡ ድንኳን የት እንዳለ ጠላት አወቀ። ወሬው በቡድኑ ሲሰማ ጆሊን «ሽማግሌውን ከገና እራት እንሰርዛቸው» ብላ አወጀች፤ ኬልሲ አለቀሰች፣ ኬልሲ ግን በሁሉም ነገር ታለቅሳለች። ኮች ዌንዴልም ጢሙን እያሻሸ እንዲህ ሲል ቆረጠ፦ «ትጫወቻለሽ። ግን ግራሽን አንድ ጊዜ ከመቱሽ ትወጫለሽ። አንድ ጊዜ። እንዳትከራከሪኝ።» ያንን አንድ ጊዜ ለማግኘት ካርዌል ከመጀመሪያው ፊሽካ በላይ እንደማትጠብቅ ዳርካም ኮቹም ያውቁ ነበር።

ቅዳሜ ሆነ። በረዶ ደልዳይቱ አግነስ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞራ አንጸባረቀችው፤ ከበሮው ተመታ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ባልዲው ከጣሪያው ሥር በክብር ተቀመጠ። ካርዌሎች በአውቶቡስ ሙሉ መጡ፤ ዋንጫውን ራሱ ይዘው መጡ፣ እግረ መንገዳቸውንም አቧራውን ጠረጉለት። ጊዶ ሜትሮ የካርዌልን ሰማያዊ ሻርፕ ጠምጥመው ከጠላት መደዳ ተቀመጡ። ዳርካ አላየቻቸውም፤ ማለት፣ አይታ ፊቷን አዞረች።

ፊሽካው ተነፋ። ዳርካ ጥርሷን ነክሳ ግራዋን ደበቀች። የካርዌል አዛዥ ሬገን እንደ መብረቅ መጣች፤ መጣችም፣ በቀኝ በኩል። ዳርካ «ተሳስታ ነው» አለች በልቧ። ሁለተኛዋ መጣች፣ እርሷም በቀኝ። ሦስተኛዋም ዱላዋን የዘረጋችው በቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው። ወደ ቀኝ ጥግ ገፏት፣ በቀኝ እግሯ እንድትዞር አስገደዷት፣ በቀኝ እንድትቆም፣ በቀኝ እንድትገፋ አደረጓት። ሊቀ መኳሱም ታዲያ ምን ያርግ፤ ደህና እግር ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ የሁለት እግር ሥራ ብቻውን ሲሠራ ጠንክሯል። ቆመ፣ ዞረ፣ ገፋ። ጆሊን ከጎሉ በር ሆና «ቀኟን ተዉላት፣ እባካችሁ፣ ቀኟን አትንኩባት» እያለች እንደ ለቅሶ አውጪ ታነባ ነበር፤ ካርዌሎችም ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው።

በመጀመሪያው ክፍል ሬገን አገባች፤ በሁለተኛው ዳርካ አገባች፤ ጊዶ ባርኔጣቸውን ነከሱ። በሦስተኛው ማንም ማንንም አላለፈ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የዳርካ ግራ እግር ማንም ሳይነካው በገዛ ፈቃዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮች ዌንዴል አየ፤ ሊያስወጣት እጁን አነሣ። ኳሷ ግን በዚያች ቅጽበት ዳርካ ዱላ ላይ ወደቀች፣ ኮቹም በተነሣው እጁ ጢሙን አሻሸ።

ዳርካ ወደ ቀኝ ሄደች። ሦስት ተኩላዎች ያንን ቀኝ እግር እንደ አጥንት ከበቡት፤ አራተኛዋም አንድ ነገር ይደርሰኛል ብላ መጣች። በግራ በኩል ሜዳው ባዶ ቀረ፤ በባዶው ሜዳም፣ በጎሉ አፍ ላይ፣ ግራዝማች ኬልሲ ብቻዋን ቆማ የጫማ ማሰሪያዋ መፈታቱን ጎንበስ ብላ ታይ ነበር። ዳርካ አየቻት። መጥራት አይቻልም፣ ከጠራቻት ታለቅሳለች። ባላት ኃይል ሁሉ በሊቀ መኳሱ ላይ ቆማ ኳሷን ላከች። ኳሷም በረዶውን ሰንጥቃ ሄዳ የኬልሲን መቀመጫ መታች፣ ከዚያም ተንጥራ በረኛዋ ሳታያት መረብ ገባች።

ኬልሲ ቀና ብላ «ማነው የመታኝ?» ስትል ደወሉ፣ ከበሮው፣ የአግነስ ጥሩምባ፣ የቄሱ ድምፅ ሁሉ በአንድነት ጮኸ። ጥቂት ቆይቶም ሰዓቱ አለቀ።

ጥሎ ማለፍ ሲያልቅ ሲደባደቡ የዋሉት ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው አንድ በአንድ እጅ ይጨባበጣሉ፤ ይህ ሥርዐት አይፈርስም። ሬገንም ተራዋ ደርሶ የዳርካን እጅ ይዛ ቀረች፦ «ያ ቀኝሽ ብረት ነው እንዴ? አንድ ሰዓት ሙሉ ቀጠቀጥነው።»

ዳርካም፦ «የታመመው ግራው ነው» አለች።

ሬገንም እጇን ለቀቀች፦ «አያትሽ ግራ ነው ብለው ነበር እኮ። ባርብ ሰብስባን ምን አለችን መሰለሽ። የትኛው አያት ነው የልጅ ልጁን እግር ለጠላት አሳልፎ የሚሰጥ። ሽማግሌው ግራ ካሉ ቀኝ ነው ማለት ነው፣ ዳቦ አመላላሿም አይታዋለች፣ አለቀ። እኛም ጎበዝ ሽማግሌ፣ ለልጃቸው ብለው ዋሹ ብለን አደነቅናቸው።»

ዳርካም ዋንጫውን እንደ ታቀፈች፣ በሁለቱም እግሯ እያነከሰች፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች። ጊዶ ሻርፓቸውን እንደ ጠመጠሙ መኪናቸውን እያሞቁ አገኘቻቸው፤ መስኮቱንም አንኳኳች።

«ጊዶ፣ ሲነግሯቸው እንደማያምኑዎት ያውቁ ነበር?»

ጊዶም መስኮቱን ዝቅ አድርገው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት። ካርዌል ሃምሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ በጥሎ ማለፍ ሰሞን እውነት ተናግሮ የታመነ ሰው አላየሁም። መዋሸት አልወድም፣ አንቺም ዋንጫ ትፈልጊያለሽ። ምን ላድርግ። አሁን ባርኔጣዬን በልቼ ጨርሻለሁ፣ ራሴን በረደኝ፣ ግቢ ላድርስሽ።»

ገባችም። ዋንጫው መሀላቸው ተቀመጠ። ጊዶም መንገድ ሙሉ ቀይ መብራት ባጋጠማቸው ቁጥር፣ ኤልክ ሆሎው ያላት አንድ ቀይ መብራት ብቻ ቢሆንም፣ በሻርፓቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለት።

ቤት ስትደርስም ቦርሽት በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አኳኋን ተዘርግታ ጠበቀቻት። ልዕልተ በረዶ፣ ሰባሪተ መረብ፣ ተኩላ አሳዳጅ፣ ዋንጫ መላሽ፣ ማርያም የቀባቻት ዳርካ ወለተ ስቲቭ ዋንጫውን እንዳቀፈች ድመቷን አየች፣ ግራ እግሯን አየች፣ ደረጃውንም አየች፤ ከዚያም ከታች ተቀምጣ ድመቷ በፈቃዷ እስክትነሣ ድረስ ጠበቀች። ስለዚህም ጥበቧ ስሟ ከአግነስ ስም ቀጥሎ ይጠራ፤ ሊቀ መኳስ ቀኝ እግር ማዕረጉ ይጽናለት፤ የግራዝማች ኬልሲ መቀመጫም በአውራጃው ሁሉ የተባረከ ይሁን፤ ካልሲዎቹም አሁን ይታጠቡ።